ጳጉሜን የማያውቀው ማሽን

ሰኞ፣ ነሐሴ 5

ማስታወሻ በምን እንደሚጀመር አላውቅም። የማውቀው ደብዳቤ ነው። አገር ቤት ሳለሁ የመንደሩን ደብዳቤ ሁሉ የምጽፈው እኔ ነበርኩ። ስለዚህ እንደ ደብዳቤ ልጀምር... ለራሴ ነው፤ ማን ይስቅብኛል?

ሰላምታዬ ከአቃቂ በሰቃ ተነሥቶ፣ የሞላውን ወንዝ ሁሉ ተሻግሮ፣ ደጃችሁ ይድረስ። ለአባቴ ለአቶ ገብረጻድቅ፤ ወገብዎን ተሻለዎት ወይ? ለእናቴ ለወይዘሮ ብዙወርቅ፤ ጾሙ እንዴት ይዞሻል? ለአያቴ ለእማማ ዳሲቱ፤ ከሁሉ አስቀድሜ ልጠራዎት ሲገባኝ ሦስተኛ ስላደረግሁዎት ይቅር ይበሉኝ። ለአክስቴ ለአደሴ፣ ከነልጆቿ። ለታላቅ ወንድሜ ለፍቅሩ፤ ዘሩ በቀለ ወይ? ለእህቴ ለልዕልት፤ ዘንድሮ ስንተኛ ወጣሽ? እኔ ደህና ነኝ። ያስቸገረኝ ጭቃው ነው።

እንግዲህ ስለ ዛሬ።

እንደ ወትሮው ሱቁን ጠረግሁ፣ የጋሽ ኑሪን ወንበር ወለወልኩ። ጋሽ ኑሪ አሠሪዬ ናቸው፤ ኮምፒውተርና ማሽን ይጠግናሉ። እዚህ አንድ ሱቅ፣ ሳሪስ ሌላ ሱቅ አላቸው። እኔ እጠርጋለሁ፣ እሸከማለሁ፣ ከኋላው ክፍል እያደርኩ እጠብቃለሁ። ሰባት ወር ሆነኝ።

ከሳሪሱ ሱቅ ማርቲ የምትባል ልጅ መጣች። የኮሌጅ ተማሪ ናት፤ በትብብር ሥልጠና ጋሽ ኑሪ ዘንድ ትሠራለች። የመጣችው ለጎረቤታችን ለእትዬ የሺሐረግ ነው። እትዬ የሺሐረግ ጥልፍ ቤት አላቸው። የጥልፍ ማሽናቸው አሮጌ ነው፤ የሚያዘው ኮምፒውተር ተቃጥሎ በሌላ ተተካ። አዲሱ ኮምፒውተር ግን ማሽኑን አያውቀውም።

"ከርነል ውስጥ ሞጁል እናስገባለታለን" አለች ማርቲ።

ከርነል ምንድን ነው? ሳላስበው ጮክ ብዬ ጠየቅሁ መሰለኝ። ዞር ብላ አየችኝ።

"ቀበሌ በለው" አለች። "ኮምፒውተሩ ላይ የተሰካ ዕቃ ሁሉ ጉዳዩ የሚፈጸመው እዚያ ነው። የሳቸው ማሽን ባለጉዳይ ነው፤ መስኮቱ ላይ ግን ቋንቋውን የሚያውቅ ሠራተኛ የለም። ሞጁል ማለት ያ ሠራተኛ ነው።"

"ከየት ይመጣል?"

"እኛው እንጽፈዋለን። ከዚያ ሜክ ይሠራልናል።"

ሜክ የተጻፈውን ወደ ሞጁል የሚለውጥ ትእዛዝ ነው። ሜክፋይል የሚባል አጭር ጽሑፍ አለ፤ ምኑ ከምን እንደሚሠራ የሚናገር። ማርቲ ሜክ ብላ ስትጽፍ ጽሑፍ በጥቁሩ ገጽ ላይ ወረደ። ሳነበው አልደርስበትም፤ ስለዚህ መስመሮቹን ቆጠርኳቸው። ዘጠኝ።

ማሽኑ ተነሣ! እትዬ የሺሐረግ እልል ሊሉ አፋቸውን ይዘው... አበባው ግን አልገጠመም። አደይ አበባ ነው፣ ለአዲስ ዓመት ቀሚስ። መርፌው እየዘለለ ቅጠሎቹ ሳይነካኩ ቀሩ።

"ኮምፒውተሩ ትእዛዙን ያጣድፈዋል፤ ማሽኑ ደግሞ ሽማግሌ ነው" አለች ማርቲ። "በየትእዛዙ መሃል ፋታ እንስጠው። ቁጥሩን አስቤ እደውልልሃለሁ፤ አንተ ትለውጠዋለህ። እኔ ሳሪስ ሰው ይጠብቀኛል።"

"እኔ?"

"አንተ! ምን ያስፈራል? ፈታ በል ባክህ።"

ደረጃውን ሁሉ ደብተሬ ላይ ጻፈችልኝ። ፋይሉን መክፈት፣ ቁጥሩን መለወጥ፣ ማስቀመጥ፣ ሜክ፣ ከዚያ አሮጌውን ሞጁል አውጥቶ አዲሱን ማስገባት። በደብልዩ የሚጀምረውን ቃል ካየህ ዝም በለው አለች፤ ማስጠንቀቂያ ነው፣ ይነጫነጫል እንጂ ሥራውን ይሠራል። በኢ የሚጀምረው ግን ኤረር፣ ስሕተት ነው፤ ካየህ ደውልልኝ። ሌላም አለ፤ የኮምፒውተሩ ባትሪ ስለሞተ በጠፋ ቁጥር ቀኑን ይረሳል። "ጠዋት ስትከፍተው ሰማያዊ ገጽ ይመጣል፤ ቀኑንና ሰዓቱን ሙላለት።"

እሺ አልኩ። ለሁሉም እሺ አልኩ።

ጋሽ ኑሪ ሲቀጥሩኝ ስምንተኛ ክፍል ጨርሻለሁ ብያቸዋለሁ። ያቋረጥኩት ከአራተኛ ነው። ይህን የሚያውቅ ከዛሬ ጀምሮ ይህ ደብተር ነው።


ማክሰኞ፣ ነሐሴ 6

ሰማያዊው ገጽ መጣ። ዓመቱን 2009 ይላል። ምስኪን፣ ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ቀርቷል! አስተካከልኩለት። ዓመት 2017። ወር 12። ቀን 6። ሰዓት 2 ከ10። ምንም አላጓደልኩም። ደስ ይል ነበር።

ማርቲ ደወለች። "አምስቱን ሃያ አድርገው።" አደረግሁ። አስቀመጥኩ። ሜክ።

አራት መስመር ብቻ መጣ። ሁለቱ ላይ የደብልዩው ቃል አለ። በኢ የሚጀምረው የለም። ሞጁሉን አስገባሁ።

አበባው እንደ ትናንቱ ነው። አንድ ዘለላ እንኳን አልተሻሻለም።


ሐሙስ፣ ነሐሴ 8

ቁጥሩ 40 ሆነ። ለውጥ የለም።

እትዬ የሺሐረግ ጨርቁን ወደ መስኮቱ አንሥተው አዩት። "አንተ ልጅ፣ ይህ አበባ ጥርሱን ያወለቀው ከማን ተጣልቶ ነው?"

"ይስተካከላል እትዬ።"

"ሠላሳ አንድ ቀሚስ ተቀብያለሁ። ለአዲስ ዓመት ተስፋ ያደረጉ ሠላሳ አንድ ሰዎች አሉ። ፋብሪካ ሳለሁ ሃያ ዓመት ማሽን ፊት ቆሜያለሁ፤ እንዲህ ያለ ግትር አላየሁም።"

ማሽኑ ነው ግትሩ ወይስ እኔ? አልጠየቅሁም።


ቅዳሜ፣ ነሐሴ 10

80። ለውጥ የለም።

አንድ ነገር አእምሮዬን ይበላኛል። በመጀመሪያው ቀን የወረደው ዘጠኝ መስመር ነው፤ እኔ ስሠራው ሁልጊዜ አራት። ለምን? የጎደሉት አምስቱ ምን ይሉ ነበር? ማርቲን ብጠይቃት "እስቲ አንብብልኝ" ትለኛለች። ፊደሎቹን አንድ በአንድ እቆጥርላት ይሆናል... ያኔ ታውቃለች። ስምንተኛ የጨረሰ ሰው እንግሊዝኛ በፊደል አይቆጥርም።

አልጠየቅሁም። የደብልዩውን መስመር ግን እንደ ሥዕል ደብተሬ ላይ ገለበጥኩት። በመሃሉ ቁጥር አለው፤ ነጥብ ያለበት ቁጥር። የዛሬው ከሐሙሱ ጥቂት ይለያል። ማስጠንቀቂያ በየቀኑ ይለወጣል እንዴ?


ረቡዕ፣ ነሐሴ 14

120። ለውጥ የለም። ዝናብ።


ሐሙስ፣ ነሐሴ 22

ማርቲ ራሷ መጣች። ከታክሲ ስትወርድ ጫማዋ በጭቃ ተውጧል። "ዛሬ ፊት ለፊት እንተያያለን" አለችው ማሽኑን። ኮምፒውተሩን ልትከፍት ጣቷን ስታሳርፍ መብራት ጠፋ።

እስከ አሥር ሰዓት ጠበቅን። አልመጣም። ከሳሪስ ደውለው ጠሯት።

ስንጠብቅ ቅጽ አሳየችኝ። የትብብር ሥልጠናው ቅጽ ነው። ጋሽ ኑሪ ፈርመው ማኅተም ካላደረጉበት ኮሌጁ አያስመርቃትም፤ እስከ ጳጉሜን 4 መግባት አለበት። ካለፈ ሌላ ዓመት።

"ያልገባኝ ነገር" አለች፣ "ፋታውን ሃያ አራት እጥፍ ጨምሬዋለሁ። ቢያንስ መዘግየት ነበረበት። ምንም አለመለወጡ... ሞጁሉን አውጥተህ ነው አይደል የምታስገባው?"

"አዎ። እንደጻፍሽልኝ።"

"ኤረር የለም?"

"የለም።"

እውነቴን ነው። የለም።

ከዚያ እንዲህ አለችኝ፤ "አንተ ግን ፈጣን ነህ። ስምንተኛ ነው አይደል ያልከው? ለምን ማታ አትማርም?" ጭቃው ከጫማዋ ላይ እንዲደርቅ ጋዜጣ ላምጣልሽ ብዬ ወጣሁ። ጋዜጣው እጄ ሥር ነበር።


ረቡዕ፣ ነሐሴ 28

ክፉ ቀን።

ጋሽ ኑሪ መጡ። እትዬ የሺሐረግ አልጮኹም፤ ቢጮኹ ይሻል ነበር። ጨርቁን ዘርግተው አሳዩአቸው፤ ከዚያ "ጎረቤትነታችን ይበልጥብኛል፤ ቀሚሶቹን ለሌላ ጥልፍ ቤት ልስጥ" አሉ። ጋሽ ኑሪ ፊታቸው ጠቆረ። እስከ እሑድ ታገሡኝ ብለው ለመኗቸው።

ማርቲ ጋ ደወሉ፤ እኔ ፊት።

"ሦስት ሳምንት! ቁጥር ስትነግሪው፣ ሲለውጥ፣ ቁጥር ስትነግሪው፣ ሲለውጥ... ሎተሪ ነው እንዴ? ... አይ፣ አይ። የማትችይውን እችላለሁ ማለት አልነበረብሽም። ... ቅጹን? ወላሂ አልፈርምም። ችላለች ብዬ ብፈርም ውሸት ነው።"

ስልኩን ዘጉ። ወደ እኔ ዞረው "ውሸት አልወድም" አሉ፣ ልክ የጠየቅኋቸው ይመስል።

ማታ ማርቲ ደወለችልኝ። "ቀናው፣ አንተ አይተሃል፤ የሆነ ያመለጠኝ ነገር አለ?" አላውቅም አልኳት። አላውቅም ነበር። ግን አራቱን መስመር ለምን አልነገርኳትም?


ቅዳሜ፣ ጳጉሜን 1

ነገሩን በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ጠዋት ኮምፒውተሩን ከፈትኩ። ሰማያዊው ገጽ። ዓመት 2017። ወር... ጳጉሜን ስለሆነ 13 ልሞላ ነበር። ከ12 ስጨምር 1 ሆነ። እንደገና፤ 10፣ 11፣ 12፣ 1። አሥራ ሦስትን ይዘለዋል። አምስት ጊዜ ሞከርኩ።

"እትዬ፣ ይህ ኮምፒውተር ጳጉሜን እምቢ አለኝ።"

እትዬ የሺሐረግ ክር በጥርሳቸው ይዘው ነበር፤ ክሩ እስኪወድቅ ሳቁ። "ፈረንጅ ጳጉሜን ከየት ያመጣል! ይህ እኮ የፈረንጅ ዕቃ ነው፤ በፈረንጅ ወር ነው የሚሄደው። ፋብሪካ ሳለን የዕቃ ወረቀቱ ሁሉ እንዲያ ነበር። ስልክህን እየው።"

ስልኬን አየሁ። 06፣ 09፣ 2025። ይህ ቁጥር ስልኬ ላይ ሁልጊዜ አለ። የተበላሸ ነው ብዬ ነበር የማስበው... ሰባት ወር ሙሉ!

እንደ ስልኩ ሞላሁ። ከዚያ ምንም ሳልለውጥ፣ ለማየት ያህል፣ ሜክ አልኩ። የደብልዩው መስመሮች ጠፉ! ሁለቱም። ለምን ጠፉ? ቀን ብቻ ነው የለወጥኩት።

ፋይሉን ከፈትኩ። አንድም ፊደል ሳልነካ መልሼ አስቀመጥኩት። ሜክ።

ዘጠኝ መስመር።

ቆሜ ቆጠርኩ። ተቀምጬ ቆጠርኩ። ዘጠኝ ነው። ሞጁሉን አስገባሁ፤ ማሽኑ ዝግ ብሎ፣ እንደ ሽማግሌ ረግቶ ጠለፈ። ከሃያ ደቂቃ በኋላ አበባው ወጣ፤ ቅጠሉ ሁሉ ከቅጠል ጋር ገጥሞ። እትዬ የሺሐረግ ጠጋ ብለው አዩት። ከዚያ መዳፋቸውን አበባው ላይ አሳርፈው "እግዚአብሔር ይስጥህ" አሉ።

እኔ ግን አላቆምኩም፤ ማቆም አልቻልኩም። 120ን ትቼ 20 ጻፍኩ፤ ማርቲ በመጀመሪያ የነገረችኝን። ዘጠኝ መስመር። ማሽኑ አሁን ፈጠነ፤ አበባውም ገጠመ።

ሌላ ሙከራ። ቀኑን ሆን ብዬ ወደ 2017 መለስኩት። ቁጥሩን ለውጬ አስቀመጥኩ። ሜክ፤ አራት መስመር፣ ደብልዩው ተመለሰ። ቀኑን ወደ 2025 አመጣሁት፣ አስቀመጥኩ። ሜክ፤ ዘጠኝ። ደገምኩት። አራት። ዘጠኝ። አራት። ዘጠኝ።

ስለዚህ ሜክ የሚያየው ቀን ነው። የተጻፈው ከተሠራው በኋላ ካልተነካ፣ አይሠራውም። ማርቲ ሞጁሉን የሠራችው በ2025 ነው። እኔ ቁጥሩን የለወጥኩት በ2017 ነው። በኮምፒውተሩ ዓይን የእኔ ለውጥ ሁሉ ድሮ የተደረገ ነገር ነው፤ እያየ አለፈው። ሦስት ሳምንት ሙሉ ያስገባሁት ያንኑ አሮጌውን ሞጁል ነበር።

እንዴት የሚገርም ነገር ነው! ለአንድ ሰዓት ያህል ከዚህ ሌላ አላሰብኩም። ደስታዬ ወሰን አልነበረውም።

ከዚያ ማርቲ ትዝ አለችኝ።

በአሥር ሰዓት ጋሽ ኑሪ መጡ። አበባውን አዩ። እኔን አዩ።

"ማነው የሠራው?"

"እሱ ነዋ!" አሉ እትዬ የሺሐረግ።

"አንተ? ወላሂ?" ትከሻዬን ያዙኝ። "ሁለት ዓመት ኮሌጅ የተቀመጠችውን ያቃተውን! ስምንተኛ ክፍል ከኮሌጅ በለጠ በሉኛ! ስማ፤ ከመስከረም ጀምሮ ሳሪስ ትገባለህ። ወንበርና መሣሪያ ይኖርሃል። መጥረጊያውን ሌላ ሰው ይያዘው።"

አይደለም አላልኩም። አዎም አላልኩም። ግን ዝም ማለት አዎ ነው። ያንን አውቃለሁ።


እሑድ፣ ጳጉሜን 2

ሳሪስ አቦ ሄጄ አስቀደስኩ። ምንም አልሰማሁም። ስመለስ በሳሪሱ ሱቅ በኩል አለፍኩ፤ ተዘግቷል። በመስተዋቱ ወንበሩን አየሁት። ጥቁር ነው፤ ይሽከረከራል።

ብናገር ለማን ይጠቅማል? ለማርቲ። ባልናገርስ? ለእኔ። እንዲህ ሲጻፍ ቀላል ነው...

ብናገር የሚጠይቁኝ አንድ ነው፤ ማስጠንቀቂያው ሲመጣ ለምን አላነበብከውም?


ሰኞ፣ ጳጉሜን 3

ሩፋኤል። ጠዋት ዘነበ። የሰፈሩ ልጆች ልብሳቸውን አውልቀው በዝናቡ ይጮኻሉ። ጋሽ ኑሪ በር ላይ ቆመው ይስቁባቸው ነበር።

"ጋሽ ኑሪ፣ አንድ ነገር አለኝ።"

"ለበዓል አገሬ ልሂድ ከሆነ አይቻልም፤ ሰው የለኝም።"

"አይደለም። አበባውን የሠራችው ማርቲ ናት።"

አልገባቸውም። እትዬ የሺሐረግ ቤት ወሰድኳቸው። ቀኑን 2017 ሞላሁ፣ ፋይሉን አስቀመጥኩ፣ ሜክ፤ አራት መስመር። 2025 ሞላሁ፣ አስቀመጥኩ፣ ሜክ፤ ዘጠኝ። ምንም ሳልናገር ደገምኩላቸው። በሦስተኛው ላይ ራሳቸው ጣታቸውን አንሥተው መስመሩን መቁጠር ጀመሩ።

"በየጠዋቱ በእኛ አቆጣጠር የሞላሁት እኔ ነኝ። የነገረችኝ ቁጥር ከመጀመሪያውም ልክ ነበር።"

"ቆይ" አሉ። "ይህ የሚነጫነጨው መስመር ምን ይላል?" መነጽራቸውን አደረጉ። እያዘገሙ አነበቡት። "...ፋይሉ ከዛሬ ወደፊት ያለ ቀን አለው... ሰዓቱ ተዛብቷል... ሥራው ያልተሟላ ሊሆን ይችላል።" መነጽራቸውን አወለቁ። "ይህ ሦስት ሳምንት ሙሉ ፊትህ ላይ ተጽፎ ነበር?"

"አዎ።"

"አላነበብከውም?"

"ማንበብ አልችልም ጋሽ ኑሪ። እንግሊዝኛ አልችልም። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው።"

እትዬ የሺሐረግ ማሽኑን አቆሙት። ከውጭ የልጆቹ ጩኸት ብቻ ይሰማል።

"ስምንተኛ ብለኸኛል።"

"ዋሽቼ ነው።"

መነጽራቸውን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። ቁጣ ብጠብቅ ቁጣ አልመጣም፤ ይህ ይበልጥ አስፈራኝ። በመጨረሻ "እኔን የዋሸኸውን ነገ እንነጋገርበታለን" አሉ። "የልጅቷ ግን ነገን አይጠብቅም። ደውልላት።"

ደወልኩ። ነገርኳት።

"ማርቲ?"

"ሁለት ሺህ አሥራ ሰባት" አለች ቀስ ብላ። "ቆይ... ነሐሴን ስንት ብለህ ሞላኸው?"

"አሥራ ሁለት።"

"ሰዓቱንስ?"

"ጠዋት... ሁለት።"

ከዚያ መሳቅ ጀመረች፤ ሳቁ መሃል ላይ ወደ ሌላ ነገር ዞረ፤ እንደገና ሳቀች። "ፋራ! አንተ የመጨረሻ ፋራ! ሃያው ልክ ነበር! ሌሊት ሌሊት ያንን ኮድ እያገላበጥኩ አእምሮዬን ልስት... እኔም ነኝ ፋራዋ፤ ሙላለት አልኩህ እንጂ በማን አቆጣጠር አላልኩህም።"

ጋሽ ኑሪ ስልኩን ከእጄ ተቀበሉ። ጉሮሮአቸውን ጠረጉ። "ማርቲ፣ ልጄ... ሱቅ ጠብቂኝ። ማኅተሙን ይዤ እመጣለሁ።" ዝናቡን ሳይጠብቁ ታክሲ ውስጥ ገቡ።


ማክሰኞ፣ ጳጉሜን 4

ቅጹ ገብቷል። ማርቲ አምስት ሰዓት ላይ ደውላ ነገረችኝ። ከዚያም ጠየቀችኝ፤ "ባትናገር እኮ ማንም አያውቅም ነበር። ለምን ተናገርክ?"

"ቁጥሩ ያንቺ ነበር" አልኳት።

የእኔስ? ጋሽ ኑሪ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው እኔን ሳያዩ ተናገሩ። ሳሪስ አትሄድም። በመጥረጊያህ ትቆያለህ። "ኮምፒውተር ደግሞ የሚልህን እስክታነብ ድረስ አትነካም። ሰው የሚለውን ሳይሰማ እሺ የሚል ሠራተኛ ያስፈራኛል።"

"እሺ" አልኩ። ከዚያ ደነገጥኩ፤ እሺ ማለቴ ራሱ...

"ይህንን ግን ሰምተሃል" አሉ። ከንፈራቸው ጥግ ላይ ትንሽ ነገር ያየሁ መሰለኝ። ላይሆንም ይችላል።

ወንበሩ ግን ቆጨኝ። ለራሴ አልዋሽም። ቆጨኝ።


ሐሙስ፣ መስከረም 1

እንኳን አደረሰኝ። ሠላሳ አንዱም ቀሚስ ለባለቤቱ ደረሰ። እትዬ የሺሐረግ ምሳ ጋበዙኝ፤ ዶሮ።

ከምሳ በኋላ ሥራ ስለሌለ ደብተሬ ጀርባ ላይ አሰላሁ። እኔ የሞላሁት ቀን በፈረንጅ ቢቆጠር በእኛ ስንት ይሆናል? ታኅሣሥ 2010 መጣ። ሰባት ዓመት ከስምንት ወር ወደ ኋላ። በዚያ ታኅሣሥ እኔ የት ነበርኩ? አራተኛ ክፍል፣ ሁለተኛው ረድፍ፣ መስኮቱ ጋ። ሰኔ ላይ ጨርሼ በዚያው ቀረሁ።

አጋጣሚ ነው። ግን ከዚያ ወዲህ አላነሣኋትም ነበር፤ ያቺን ክፍል።


ሰኞ፣ መስከረም 5

በአሥራ አንድ ሰዓት ጋሽ ኑሪን ፈቃድ ጠየቅሁ። የት ነው አሉኝ። የማታ ትምህርት ምዝገባ አልኳቸው። ሰዓታቸውን አዩ፤ ከዚያ "በየቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ነው የምትወጣው?" አሉ። በየቀኑ አልኩ። "እንግዲያው ጠዋት አንድ ሰዓት ትከፍታለህ።" ተስማማን።

ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ሰልፍ ነበር። ከፊቴ ልጅ ያዘለች ሴት፣ ከኋላዬ የፋብሪካ ልብስ የለበሰ ጎልማሳ። መዝጋቢዋ ቀና ሳትል ጠየቀችኝ።

"ስንተኛ?"

ስምንተኛ የሚለው ቃል ከልማዱ የተነሣ አፌ ድረስ መጣ።

"አምስተኛ" አልኩ። "አራተኛን ጨርሻለሁ።"

"ካርድ?"

"አገር ቤት ነው።"

"እስከ ወሩ መጨረሻ አምጣ። እስከዚያ ግን ግባና ተማር፤ ትምህርቱ አይጠብቅህም።" ስሜን ጻፈች። ቀናው ገብረጻድቅ፣ 5ኛ። ማንም አልሳቀም። ከኋላዬ ያለው ሰውዬ ሦስተኛ ነኝ አለ።

እነሆ የደብዳቤዬ ረቂቅ። ነገ ገልብጬ ወደ አገራችን ለሚሄደው አውቶቡስ ሾፌር እሰጣለሁ።

ወንድሜ ፍቅሩ፤ ጊዜ ስለሌለኝ ዛሬ ሁሉንም በስም አልጠራሁም፤ አንተ ሰላም በልልኝ። የምፈልገው አንድ ነገር ነው። የ2010 ዓ.ም. የአራተኛ ክፍል ካርዴን። ከእናታችን ሣጥን ሥር፣ ከልዕልት ካርዶች ጋር ያለ ይመስለኛል። ከሌለ ትምህርት ቤቱ ሄደህ ከመዝገብ አስወጣልኝ። ስንተኛ እንደወጣሁ አትይ፤ ጥሩ አልነበረም። እዚህ ለሰዎች ስምንተኛ ነኝ ብዬ ነበር፤ አሁን ትቼዋለሁ፤ አንተም የሚጠይቅህ ካለ አራተኛ በል። ካገኘኸው ላክልኝ፤ ካጣኸውም አጣሁት ብለህ ጻፍልኝ። ብቻ ዝም አትበለኝ። በዚሁ ሾፌር፣ ሲመለስ፣ መልስህን እጠብቃለሁ።